ተዳፋቱ ላይ የቀረው ግንድ

ለውድ ባለቤቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብስ ትበላለህ ወይስ አሁንም ሳህንህን ለጎንህ በሽተኛ እያሳለፍክ ነው? ስለ እኛ አታስብ። እናትህ ጉልበታቸውን አልፎ አልፎ ከሚወጋቸው በስተቀር ደህና ናቸው፤ ምላሳቸውማ ምን ይሆናል፣ እንደ ጥንቱ ነው። ዶሮዎቹም፣ ጎረቤቶቹም፣ ጣሪያው ላይ ያለው የሚያንጠባጥብ ቀዳዳም ደህና ናቸው። እኔ ደግሞ ደህና ብቻ አይደለሁም። ይህን የምጽፍልህ ፀጉሬ ሰጋቱራ እንደለበሰ፣ ጣቶቼ በሙጫ እንደተጣበቁ ነው። ልታጠብ ውሃ ቀድቼ ነበር፤ ውሃው ይጠብቅ፣ ይህ ወሬ አይጠብቅም አልኩና ተቀመጥኩ። ወረቀቱ እጅህ ላይ ከተጣበቀ አሽትተው። ዝግባ ነው።

አዎ፣ ያ ዝግባ። ሰነጠቅነው። ማንም አልተጎዳም። የመጨረሻዋን አስቀድሜ የጻፍኩልህ ስለማውቅህ ነው፤ እሷን ሳታገኝ መሐሉን እየዘለልክ ወደ ታች ትሮጥ ነበር። አሁን አግኝተሃታልና በቀስታ አንብብልኝ። አንዲቱም ነገር እንድታመልጥህ አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ካንተ ደብዳቤ ነው። ስለ ሐኪሙ መላጣ፣ ስለ ሾርባው ጨው ማጣት፣ በመስኮት ስለሚታይህ ጎማ ጠጋኝ ገጹን ሙሉ አስቀኸኛል። ስለ እግርህ ግን «እየተሻለው ነው» አልክና አለፍክ። ከሥሩ ደግሞ «የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽኑን ለባለ መጋዘኑ ሽጪለት፤ ከእንግዲህ እንጨት በቃኝ» ብለህ ጻፍክ። እነዚያን ሁለት መስመሮች ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ፊታቸውንም ጀርባቸውንም አየኋቸው። አልሸጥኩም። እንቢ ማለቴ አልነበረም፤ ባለ መጋዘኑ ዘንድ ልሄድ ጫማዬን ባደረግኩ ቁጥር ያልተቋጨ ሥራ ትዝ ይለኝና ተመልሼ ስፌት መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ። ማሽኑም ጋሽ ቆይ ቆይ በሸራ እንደሸፈነው እዚያው ተዳፋቱ ላይ፣ ከግንዱ በላይ ቆሞ ቀረ።

ስለ ጋሽ ቆይ ቆይ ካነሳሁ፣ ያ የትራክተር ጓደኛህ ልማዱ አልተወውም። ቁልፍ ሳያዞር «ቆይ፣ ቆይ»፣ ማርሽ ሳይገባ «ቆይ፣ ቆይ»፤ ምሳ ሲቀርብለት ብቻ ነው የማይለው። አንተን ጠይቆ የተመለሰ ቀን ግን እሷንም አላላትም። ደጃፉ ላይ ቆሞ «ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል» አለኝና ሄዶ ትራክተሩ ሥር በጀርባው ተኛ። የሚጠገን ነገር እንዳልነበረው አውቃለሁ። እስኪወጣ ብዙ ጠበቅኩት። ሲወጣ ፊቱን በዘይት ጨርቅ እየጠረገ ነበር። እኔም ሌላ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወንዙ መጣ። እንዲህ ያለ ጎርፍ እናትህም አይቼ አላውቅም ብለዋል። ድልድዩን ከነእግረኛ መንገዱ ጠራርጎ ወሰደው። ክሊኒኩ ከወዲያ፣ እኛ ከወዲህ። ከተማ የሚወስደው መንገድም ከወዲያ። የአናጢው ሚስት በዚያው ሰሞን ምጥ ያዛት። ወንዶች እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በቃሬዛ አሻገሯት፤ አናጢው ራሱ ከፊት ነበር። በደህና ወለደች። እሱ ግን ሚስቱን ካየ በኋላ ልብሱ እንኳ ሳይደርቅ ድልድዩ የነበረበት ቦታ ሄዶ ሲለካ ዋለ።

በማግስቱ እኛ ቤት መጣ። የድንጋይ ቋሚዎቹ እንዳልተነቃነቁ፣ የጎደለው ከቋሚ ቋሚ የሚደርስ ወጥ ወራጅ እንጨት ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ከሩቅ እንዳይመጣ መኪና የሚያልፍበት የለም። አጫጭሩን አያይዞ መሥራት ደግሞ ሰው መግደል ነው አለ። በዚህ ሁሉ አገር ያን ያህል የሚረዝም አንድ ግንድ ብቻ እንዳለ እያወቀ ስሙን አልጠራም፤ ዓይኑን ወደ ተዳፋቱ ላከ። እኔም ወደዚያው አየሁ። ሰው ሁሉ ያንን ግንድ ሰው የቀመሰ ይለዋል። አንተ ከወደቅክ ወዲህ ማገዶ ለቃሚ እንኳ በዚያ አያልፍም።

ብቻዬን ሄድኩ። ጠዋት ነበር፤ ሣሩ እርጥብ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተጠግቼው አላውቅም። ተኝቶም ደረቴ ላይ ይደርሳል። አየናት ቢሉህ አትመን፤ ግን አንዴ በጫማዬ ጠለዝኩት። እሱ ምንም አልሆነም፣ እኔ አውራ ጣቴን ይዤ ስዞር ቆየሁ። ሕመሙ ሲለቀኝ ቁጭ ብዬ መሬቱን አየሁ። ግንዱ እንዳይንከባለል የደገፍክበት ታኮ የገባበት ጭቃ አሁንም እንደተቀደደ ነው፤ ታኮው ተንሸራቶ ያሰመረው መስመር ሣር በቅሎበታል። ሌላ ምስጢር የለውም። መሬቱ ራሰ፣ ዝናብ ሊደግም ነበር፣ ቸኮልክ፣ ድጅኖህን ይዘህ ከበታቹ ገባህ፤ ግራ እግርህ ላይ መጣ። ልወቅስህ አይደለም። «ከግንድ በታች የሚቆም ለግንዱ ትራስ ሊሆን ነው» ብለህ ያስተማርከኝ አንተው ነህ፤ ሜትር ስይዝልህ፣ ውሃ ስቀዳልህ በከረምኩበት ዓመት ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ከታች ብታገኘኝ መንደሩ እስኪሰማ ትጮህብኝ ነበር። እኔ የምልህ፣ ግንዱ ክፋት የለበትም። ክብ ነው፣ መሬቱም ያዘቀዝቃል፤ በቃ።

ይህ ሲገባኝ እጄን ቅርፊቱ ላይ አሳረፍኩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳበስኩት ተራመድኩ። ታውቀኛለህ፣ ጥሩ ጣቃ ጨርቅ ስነካ ጣቶቼ ያብዳሉ። ቀጥ ያለ ነው፤ ክሩ አይጠማዘዝም፣ ጉጦቹ ሁሉ ወደ ላይኛው ጫፍ ናቸው። የሚነሳው የውጭ ጀርባ ከዚህ፣ ወራጆቹ ከዚህና ከዚህ፣ ከትርፉ የወለል ጣውላ፤ ቆሜ በዓይኔ ቀደድኩት። ቤት ስገባ እየሮጥኩ ነበር።

እናትህን ምሳ ላይ ነገርኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡና «ልጄን የጣለ ግንድ እሳት ይንካው እንጂ መጋዝ አይነካውም» አሉ። ስለ ጭቃው፣ ስለ ታኮው አስረዳኋቸው። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ለግድግዳው ሲበሉ ዋሉ። ቢከለክሉኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ያን ቀን ማሽኑን የማስነሳው እኔ ነኝ ብዬ ሳስብ ፈርቼ ነበር።

ጠዋት ስነሳ በር ላይ ቆመዋል። ያንተን የጎማ ቦቲ አድርገዋል፤ ሲራመዱ ቦቲው ይቀራል እሳቸው ይሄዳሉ። እሳቸው በዓይናቸው ሳያዩ ማንም እንጨቱን እንዳይነካ ነገሩኝ። ክርክር ውስጥ አልገባሁም። ጋሽ ቆይ ቆይ ትራክተሩ ኪስ ውስጥ ያገኛትን ፊሽካ አንገታቸው ላይ አጠለቅኩላቸውና ከሁሉም በላይ ከፍ ያለ ጉቶ ላይ አስቀመጥኳቸው። አንዴ ሲነፉ ሁሉም ቆሞ እጁን ያነሳል፤ ሁለቴ ሲነፉ ይቀጥላል። አቤት፣ ይህን ሥልጣን የሰጠሁበትን እጄን በቆረጠው ብዬ ነበር በመጀመሪያው ሰዓት። አናጢው አፍንጫውን ሲያክ ፊሽካ፤ ወፍ ሲነሳ ፊሽካ፤ የአናጢው ሰዎች አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው መጥተው ነበር፣ ፊሽካ ነፍተው አንድ በአንድ አስወለቋቸው። የሚንጠለጠል ነገር ማሽን አጠገብ አይደርስም አልኳቸው እንጂ ሻርፑን እንዲወርሱት አላልኩም፤ አሁን ሳጥናቸው ውስጥ ነው።

ዝግጅቱ ራሱ ሥራ ነበር፣ ደስ የሚል ሥራ። ሊያዩ የመጡት ሰዎች ግንዱን ወደ መንደር የምንጎትት መስሏቸው ነበር። ይህ ማሽን እኮ ወደ ግንዱ የሚሄድ ነው፣ እንጨቱ ተኝቶ መጋዙ በሐዲድ ይራመድለታል ብዬ ሳስረዳቸው ያንተን ድምፅ ከአፌ ሰማሁት። ከግንዱ በላይ ያለችውን ደልዳላ ቦታ አስተካክለን ሐዲዱን ዘረጋን። በውሃ ልክ ለካሁ፤ አንዱ ጥግ ዝቅ ይላል፣ ከፍ አደረግን፣ ሌላው ዝቅ አለ። ጋሽ ቆይ ቆይ «ቆይ፣ ቆይ» ሳይል ቀርቶ እኔ ነበርኩ የምለው። ትዕግሥቴ ሲያልቅ ሊያጽናናኝ ብሎ «ተዪው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል...» ብሎ ጀመረና የቀረውን ዋጠው። ጎንበስ ብሎ ብሎን ማጥበቅ ያዘ። እኔም ያልሰማሁ መሰልኩ።

ከግንዱ በታች ያለውን ተዳፋት በሙሉ በገመድ አጠርነው፤ የሚገባ የለም። ለታኮዎቹ መሬት ቆፍረን፣ ጭቃውን ጠርገን፣ ጠንካራውን አፈር እስክናገኝ ወርደን አንድ ረድፍ ግንዱ አጠገብ፣ ሌላ ረድፍ ከእሱ ዝቅ ብሎ ቀበርን። አናጢው ሁለተኛው ረድፍ ትርፍ ድካም መስሎት ነበር። ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትተውን ዊንች ከላይ ባለው ትልቅ ጉቶ ላይ አሰርነው። የተወጠረ ገመድ የሚሻገር፣ አጠገቡም የሚቆም እንደሌለ ደግሜ ነገርኩ፤ ገመድ ሲበጠስ ማንን እንደሚመታ አይመርጥም።

ግንዱን በብሩሽ ሳጥበው ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ወፍራሙ ጫፍ ላይ ጥቁር ሰማያዊ የሆነ እድፍ አለ። ነጭ ጨርቅ ላይ መርፌ ረስተህ ከከረመ የሚተወው ዓይነት። መሮ አምጡ አልኩ። ስንፈለፍል እንጨቱ ውስጥ የተዋጠ የብረት መንጠቆ ወጣ፤ ከስንት ዘመን በፊት ሰው ፈረስ ያሰረበት ይሁን ፋኖስ የሰቀለበት እንጃ። የመጋዙ ጥርስ አግኝቶት ቢሆን ምን እንደሚከተል አንተ ታውቃለህ። እናትህ መንጠቆውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ኪሳቸው ከተቱት።

አሁን ልብህን ያዝ።

ሰንሰለቱን በግንዱ ሆድ ሥር አሳልፈን በዊንቹ ወደ ላይ እያንከባለልን ወደ ሐዲዱ ልናወጣው ነው። ሰዎቹ ከጎን ሆነው፣ በረጅም ዘንግ፣ ከኋላው ታኮ እያስገቡ ይከተሉታል። ጋሽ ቆይ ቆይ ዊንቹን ያዘ። እናትህ ሁለቴ ነፉ። ተነቃነቀ። ያ ሁሉ ክብደት፣ ያ ለወራት እንደ ተራራ የተኛ ነገር፣ ቀስ ብሎ ጎኑን አዞረ። መንገዱን አጋመሰ። ያኔ ቅርፊቱ እንደ ካልሲ ወለቀ።

ሰንሰለቱ ከእርጥቡ ቅርፊት ጋር ተንሸራተተና ግንዱ ተመለሰ። የመጀመሪያውን የታኮ ረድፍ ዘለለው። ፊሽካዋ ስትጮህ ሰማሁ፣ አላቋረጠችም፤ የሁሉም እጅ ወደ ላይ ነው፣ አንድም ሰው አልሮጠም፣ ሊይዘው የዘለለም የለም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ደረሰ፤ መሬቱ በእግሬ ሥር ተናወጠ፤ ቆመ።

ሰዎቹን አየሁ፣ ሁሉም አሉ። ከታች የነበረው የጋሽ ቆይ ቆይ የሻይ ፔርሙዝ ብቻ ነው፤ ገመዱን ሲያጥር አስቀምጦ ረስቶት ኖሮ እንደ ቆርኪ ተዳምጧል። «ሻይ ነበረበት» አለ።

እናትህ ከጉቷቸው ወርደው በዚያ ቦቲ እየተጎተቱ በጎን በኩል መጡ። ገመዱ ጋ ቆመው ፔርሙዙን አዩት፣ አዩት።

«እዚህ ነበር የቆመው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አንተ ከወደቅክ ወዲህ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም ነበር፤ ሰው ሲያስለቅሱ እንጂ። ያን ቀን አለቀሱ፤ ቦቲውን አቅፈው፣ እንደ ልጅ። ሰዎቹ ጀርባቸውን አዞሩ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ በቃ፣ ይህ ነገር እዚህ ላይ አለቀ፣ ማሽኑም ይሸጣል፣ ድልድዩንም ሌላ ይሥራው ብዬ በልቤ ዘጋሁት። «እንጨት በቃኝ» ብለህ ለምን እንደጻፍክ ያኔ ገባኝ።

እናትህ ግን አልቅሰው ሲበቃቸው በዚያ በወረሱት ሻርፕ ፊታቸውን ጠረጉና ተነሱ። «ቅርፊቱን ላጡት» አሉ። «ሰንሰለቱን ባዶ እንጨት ላይ አጥብቁት። እኔ ሳልነፋ የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ ወዮለት።» ተመልሰው ጉቷቸው ላይ ወጡ።

ላጥነው። ሰንሰለቱን እንጨቱ ላይ አስነክሰን አጠበቅን፣ ታኮዎቹን ፈትሸን እንደገና ቀበርን፤ ሁለት ፊሽካ። ግንዱ ያለ ኮሽታ ወጣና ሐዲዱ መሐል የማሽኑ አልጋ ላይ ተኛ። አናጢው እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቀረ። ግንዱን ቆንጥጠው የሚይዙትን ነካሾች አጠበቅን፤ ነቅነቅ ባደርገው ተራራ የምነቀንቅ ያህል ነው።

እና አስነሳሁት። እኔ ራሴ። መጀመሪያ ስስበው አልተነሳም፤ ሁለተኛም። «ነዳጁን ክፈቺው» አለኝ ጋሽ ቆይ ቆይ። ከመደንገጤ ረስቼዋለሁ። ሲነሳ ድምፁ እግሬ ድረስ ገባ። ጥርሱ ላይ ጠብ ጠብ የምትለዋን ውሃ ከፈትኩ፣ ከፍታውን አስተካከልኩ፣ መግፋት ጀመርኩ። ወዲያው አወቅሁት፤ ለካ ስፌት ነው! ብትገፋው መርፌው ይጎብጣል፣ መስመሩም ይወላገዳል፤ በራሱ ፍጥነት ከተውከው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ድምፁ ሲከብድ ላላ አደርጋለሁ፣ ሲቀለው እከተለዋለሁ። ሰጋቱራው ፊቴ ላይ፣ መነጽሬ ላይ፣ አፌ ውስጥ። ከጫፍ ደርሼ ሞተሩን አጥፍቼ የመጀመሪያውን ጀርባ ስናነሳ፣ ውስጡ፣ ምን ብዬ ልንገርህ፣ የማር ቀለም ነው፣ እዚህም እዚያም እንደ ጽጌረዳ ቀላ ይላል። ሽታው ተዳፋቱን ሞላው። ማገዶ ለቃሚዎቹ ሳይቀሩ ተጠግተው አሸተቱ። ሰው የቀመሰ ያሉት ሁሉ ውስጡን በእጃቸው ዳበሱት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀኑን ሙሉ ደስታ ነው። ገለበጥነው፤ ሌላኛውን ጎን ቆረጥኩ። አንተ እንዳሳየኸኝ ከአንድ ወገን ብቻ አልቆረጥኩትም፤ እያፈራረቅኩ ከሁለቱም ጎን፣ ውጥረቱ ሲለቀቅ እንዳይጎብጥ። አንዴ መጋዙን ቆንጠጥ አድርጎ ሊይዝብኝ ሲል ሽብልቅ ከኋላ አስገባሁለትና ለቀቀኝ። ወራጆቹ እየተራገፉ ሲወጡ ሰዎቹ በዘንግ እየተቀባበሉ አወረዷቸው፤ በጀርባቸው ሊሸከሙ የፈለጉም ነበሩ፣ ፊሽካዋ አስተካከለቻቸው። አናጢው የመጀመሪያውን ወራጅ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጫፉ ላይ አየው። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። በደብዳቤ ስለ ጎማ ጠጋኝ የሚጽፍ አንድ ሰውዬ ነው አልኩት፤ አልገባውም፤ ብቻ ሳቀ።

ድልድዩ ቆሟል። ትናንት ተከፈተ። የአናጢው ሚስት አራስ ልጇን አቅፋ መጀመሪያ ተሻገረች፤ መሐል ላይ ስትደርስ ቆማ እግሯን አንዴ ወለሉ ላይ መታ መታ አደረገች፣ ከዚያ ሁላችን ተከተልናት። ሕፃኑ እንቅልፉን አላቋረጠም። እኔ ከወራጁ ሥር ገብቼ ሳየው ቆየሁ፣ ልብሴ በጭቃ እስኪበላሽ። ያ አንተን የጣለ እንጨት እኮ ነው፣ ሰው ሁሉ ጀርባው ላይ ቆሞ የሚሄደው።

በድልድዩ ከተሻገሩት አንዱ ባለ መጋዘኑ ነበር። ማሽኑን ሊያይ፣ ሊወስድ። ሸራው ተገልጦ፣ ሐዲዱ ዘይት ተቀብቶ ሲያገኘው ግር አለው። እኔ አፌን ሳልከፍት እናትህ ቀደሙኝ። «ማሽኑ ሥራ ላይ ነው» አሉት። አንተ ለእሱም ደብዳቤ እንደጻፍክለት ሊነግራቸው ሞከረ። «የጻፈው ታሞ ነው። በሽተኛ የተናገረው አይያዝበትም» አሉና ፊሽካዋን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሰውዬው በመጣበት ድልድይ ተመለሰ።

ስለዚህ አልሸጥኩም፣ አልሸጥምም። እንጨት በቃኝ ያልከውን አንብቤዋለሁ፤ አላመንኩህም፤ ይኸው። ክሊኒኩ መደርደሪያና አግዳሚ ወንበር ይፈልጋል። ከወዲያ ማዶ ጎርፉ የጣላቸው ዛፎች ተጋድመው አሉ፤ አንዳንዶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ስለተወጠሩ የትኛው መጀመሪያ እንደሚነካ ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አላስነካኋቸውም። መጋዙም ከሐዲዱ መጨረሻ ሲደርስ ትንሽ ይንቀጠቀጥብኛል። ጋሽ ቆይ ቆይ ቀበቶው ነው ይላል፣ እኔ መንኮራኩሩ ነው እላለሁ። መጥተህ ፍረደን።

አንድ ነገር ሳልነግርህ እንዳላልፍ። የመጋዙን ጭንቅላት እየገፋሁ ከጫፍ ጫፍ መመላለስ አድካሚ ነው። ከመጋዙ ጋር በሐዲዱ ላይ አብሮ የሚሄድ መቀመጫ በመንደሩ በያጅ አሠራሁ፤ ሰው ቁጭ ብሎ፣ እጀታ እያዞረ፣ መሬት ሳይረግጥ ግንዱን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቅበት። ዛሬ በዝግባው ትርፍ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል፤ እንዲያውም ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሰው መስመሩን ከቆመው አሻሽሎ ያያል። በያጁ ሊለካኝ ሜትሩን ሲያወጣ የእኔ ልክ እንዳልሆነ ነገርኩት። የክንድህን፣ የወገብህን፣ የጀርባህን በቃሌ ሰጠሁት፤ ስንት ሸሚዝ ሰፍቼልሃለሁ። የእግር ማሳረፊያውን እንዴት ላድርገው አለኝ።

«በቀኝ በኩል ብቻ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። መነጽሩን አወረደና መበየዱን ቀጠለ።

ከቤት እስከ ተዳፋቱ ያለውን መንገድም ደልድለነዋል፤ ደጃፋችን ላይ የነበረውን ደረጃ አፍርሰን ከዝግባው ትርፍ ጣውላ ለስላሳ መውጫ ሠራንበት። እናትህ ይመላለሱበታል፤ ለጉልበታቸው ተስማማ። ለምን እንደተሠራ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ አውቀው ይሆናል።

የምትመጣበትን ቀን ብቻ ጻፍልኝ። ጋሽ ቆይ ቆይ ትራክተሩን ይዞ ድልድዩ አፍ ላይ ይቀበልሃል። የምታስረዳኝ ነገር አለ ብለህ መንገድ ላይ ቃላት አትፈልግ። ምንም አታዘጋጅ። ብቻ ና፤ ሥራ አለን።

የሚያክሙህን ሰዎች እጃቸውን ይባርክልኝ። ሕመሙ ከሰውነትህ ወጥቶ ወደማይመለስበት ይሂድ። ፈጣሪ ከቤትህ ደጃፍ አድርሶ ድምፅህን ያሰማኝ፤ አሜን።

ዛሬም ነገም ያንተው የሆንኩት
ሚስትህ